አዲሶቹ መቀሶች በስምንት ወር ዛጉ፤ ጥፋቱ የብረቱ ነው ወይስ የማጠቢያው?

የቀዶ ሕክምና ነርስ፣ ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ፣ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና በሚሠራበት ክፍል አገለግላለሁ። ከስምንት ወር በፊት የተገዙት መቀሶችና ኒድል ሆልደሮች (የመስፊያ መርፌ መያዣዎች) መገጣጠሚያቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አወጡ። ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሙ የአንዲት እናት ቁስል ሲሰፋ ያቀበልሁት መቀስ ክሩን መቁረጥ ትቶ አኘከው። እናትየዋ ፊት ላብ አሰመጠኝ።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ዕቃው ከነደሙ በቀጥታ በረኪና ውስጥ ይገባል፤ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። የተማርነው 10 ደቂቃ ነው፤ ማታ የገባው ግን እዚያው ያድራል። ጠዋት በዱቄት ሳሙናና በዕቃ መፈተጊያ ሽቦ ይፈተግና ወደ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ይሄዳል። ኃላፊያችን «ብረቱ ርካሽ ሆኖ ነው» ብለው ሌላ ሊገዙ ተነሥተዋል። እኔ የምጠረጥረው ማጠቢያችንን ነው። በረኪናውን እንተው እንዳልል ደግሞ ዕቃ የምታጥብልን እህት አለች፤ ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። እርሷን ለደም አጋልጬ መቀስ ማዳን አልፈልግም። ምን ብንጠቀም ይሻላል?

በማምከኛ ክፍል 19 ዓመት የሠራሁ

እህቴ፣ ጥርጣሬሽ እውነት ነው። የማይዝግ ብረት የምንለውን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ እጅግ ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ያንን ሽፋን እየበሳ ይገባል፤ ሽቦውም ይቧጭረዋል። ሌሊቱን በረኪና ውስጥ ያደረ መቀስ ስምንት ወር መቆየቱም ጥሩ ብረት ቢሆን ነው። ሳላይንም (የሕክምና ጨው ውሃ) ጨው ስለሆነ ያው ነው፤ ደሙ እንዳይደርቅ ከፈለግሽ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ አልብሺው።

እኔም እንዳንቺው ነበር የተማርሁት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ዕቃውን ከማጠብ በፊት በ0.5 በመቶ ክሎሪን መዘፍዘፍን አይመክርም። ምክንያቱ የብረቱ ጉዳት ብቻ አይደለም። ደሙ ራሱ የክሎሪኑን ኃይል ይጨርሰዋል። የምትሳሺላት እህት ተጠብቄያለሁ ብላ እጇን የምትሰድደው ኃይሉ ባለቀ ውሃ ውስጥ ነው! እርሷን የሚጠብቃት ወፍራም ረጅም ጓንት፣ ውሃ የማያሳልፍ ሽርጥና የዓይን መከላከያ ነው። ብሩሹንም ውሃው ውስጥ አጥልቃ ትፈትግ፤ ቧንቧ ሥር ስትፈትግ ደሙ ፊቷ ላይ ይረጫል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰዷን ዛሬውኑ ጠይቂያት።

ስለ ማጠቢያው፦ ለሕክምና ዕቃ የተሠራ፣ ፒኤቹ 7 አካባቢ የሆነ (አሲድም አልካላይም ያልሆነ)፣ አረፋው ጥቂት የሆነ ፈሳሽ ምረጪ። የዱቄት ሳሙና አልካላይ ነው፣ አረፋውም ተለቅልቆ አያልቅም። ኢንዛይም ያለው ይበልጣል፤ ፕሮቲዬዝ የሚባለው ኢንዛይም ደሙን፣ ላይፔዝ የሚባለው ስቡን ይሰባብራሉ። ዋጋው ከከበዳችሁ መገጣጠሚያ ላላቸውና ውስጣቸው ክፍት ለሆኑ ቱቦዎች አስቀሩት። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ከ45 ዲግሪ ካለፈ ደሙ እንደ እንቁላል ረግቶ ይጣበቃል። መቀሱ ተከፍቶ ይታጠብ፣ በደንብ ይለቅለቅ፣ ደርቆ አውቶክሌቭ ይግባ። በረኪናውን ለወለሉና ለጠረጴዛው አቆዩት።

የዛጉትን ከመጣልሽ በፊት ነጠብጣቡን በእርሳስ ላጲስ እሺው። ለቅቆ ሥሩ ልሙጥ ከሆነ እድፍ ነበር። ጉድጓድ ካገኘሽ ግን አስወግጂው፤ ዝገቱ አውቶክሌቭ ውስጥ ወደ ጤነኞቹ ይዛመታል።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ጎርጎራ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ስለ ማይክሮስኮፕ ልጨምር። እዚህ ጣና ዳር ክረምት ላይ ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል። ማታ ማታ በፕላስቲክ ሸፍነን እርጥበቱን አብረን ስንቆልፍበት ኖረናል፤ አሁን እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል ባለበት ሣጥን እናሳድረዋለን። የወባ ስላይድ ካየሁ በኋላ ሌንሱን የነካውን የማያ ዘይት ወዲያው በሌንስ ወረቀት አነሣለሁ። ዛይሊን የሚባለው ማሟሟያ የሌንሱን ማጣበቂያ ስለሚያሟሟ አላስጠጋውም። የበረኪና ዕቃም ከማይክሮስኮፑ ጋር አንድ ክፍል አይደር፤ ተኑ ብረቱን ይበላል።

እግረ መንገዴን ስለ አውቶክሌቫችሁ ልጠይቅዎት፦ የምታዩት ግፊቱን ነው ወይስ ሙቀቱን? ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 121 ዲግሪ ለመድረስ በባሕር ወለል ላይ የሚበቃው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) እዚህ አይበቃም፤ ወደ 18 መውጣት አለበት። ቴርሞሜትሩን ይመኑ።

የቀዶ ሕክምና ነርስ፣ ባሕር ዳር

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘግይቼ የተመለስሁት ሠርቼ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ከ11 መቀሶች ሰባቱ በላጲስ ጠሩ፤ አራቱ ጉድጓድ ነበራቸው፣ አስወገድናቸው። ኃላፊያችን ላጲሱን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት፤ ለአዲስ መቀስ ከተያዘው ገንዘብ ላይ ኢንዛይም ያለው ማጠቢያና ጓንት ተገዛ። የአውቶክሌቩ ቴርሞሜትር ተሰብሮ ኖሯል፤ እስኪቀየር ድረስ ዕቃችንን ሌላ ቦታ እናስመክናለን።

እህታችን ክትባቱን ወስዳ አታውቅም ነበር። ሰኞ አብሬያት ሄጄ የመጀመሪያውን ተወጋች፤ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። ቀኖቹን ከማጠቢያ ገንዳው በላይ ግድግዳው ላይ ጽፌዋለሁ።