ፀሐይ በጠነከረ ቁጥር የቆጣሪዬ ካርድ ቶሎ ያልቃል፤ ምን ይሻለኛል?

የሽምብጧ ዓሣ ሻጭ፦

እንደምን ዋላችሁ። ቤቴ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ተረክቤ፣ አጽድቼ ለምግብ ቤቶች አቀርባለሁ። ሁለት ትልልቅ ፍሪዘር አለኝ። መብራት ሲሄድ ልቤም አብሮ ይሄድ ነበር። አምና በአንድ ሌሊት ሙሉ ፍሪዘር ዓሣ ጥያለሁ። ሽታውን ተዉት።

ዕቁብ ሲደርሰኝ ሶላር አስገጠምኩ። ባለ 550 ዋት 8 ፓነል፣ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤት መብራት የሚቀይረው ሳጥን)፣ 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ። አሁን መብራት ሲጠፋ ፍሪዘሮቹ አያውቁትም። ለዚህ እግዜር ይመስገን።

ቆጣሪው ግን አሳበደኝ። የካርድ ቆጣሪ ነው። ሶላር ሳይኖረኝ በቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላ ነበር። አሁን 12 ይደርሳል! ልጄ ጠዋትና ማታ ደብተር ላይ እየጻፈች ነው የምናገረው። ደመና በዋለ ቀን ይቀንሳል። ፀሐይ በጠራ ቀን ይብሳል። ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው 100 ሲሞላ ቁጥሩ መሮጥ ይጀምራል። የገጠመልኝ ልጅ «የተረፈው ኃይል ወደ መብራት ኃይል መስመር እንዳይወጣ ዘግቼዋለሁ» ብሎኝ ነበር። አሁን ስደውል አያነሳም። ጎረቤቴ ደግሞ ቆጣሪሽ ተበላሽቷል ትላለች። እውነት ነው?

ባለ ፒንሳው፦

እትዬ፣ ቆጣሪው ደህና ነው። የልጅዎ ደብተር ሁሉን ነገር ተናግሯል።

ባትሪው ቢሞላም ፀሐይ እስካለ ፓነሉ ማምረት ይችላል። ቤቱ ያልተጠቀመበት ደግሞ፣ ኢንቨርተሩ ካልከለከለው ወደ መስመር ይወጣል። ብዙ የካርድ ቆጣሪዎች ደግሞ ኃይል ገባ ወጣ አይለዩም። ሰው ሽቦ ገልብጦ እንዳይሰርቅ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠሩት። ያለፈባቸውን ሁሉ እንደ ፍጆታ ይቆጥራሉ። ስለዚህ የራስዎን ፀሐይ ለሰፈሩ በነጻ ሰጥተው፣ ሒሳቡንም እርስዎ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ ኢንቨርተሩ ሴቲንግ ውስጥ የአሠራር ምርጫ አለ። «ሴሊንግ ፈርስት» (መሸጥ ይቅደም) የሚለው ላይ ከሆነ የተረፈው እንዲወጣ ታዟል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ከቆጣሪው በሚወጣው ሽቦ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የሚነክስ ጥቁር ነገር አለ ወይ? ሲቲ ይባላል። የኢንቨርተሩ ዓይን እሱ ነው። እሱ ከሌለ ኢንቨርተሩ በመስመሩ ላይ ምን እንደሚያልፍ አያይም።

የሽምብጧ ዓሣ ሻጭ፦

ወይ ጉድ። ልጄ አልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ፈትሻ አገኘችው። ጥቁር መቆንጠጫ፣ ከነላስቲኩ፣ ከነሽቦው! ምርጫውም ያልከው ላይ ነው። ምን ዘጋ ታዲያ ይሄ ልጅ?

ባለ ፒንሳው፦

ብዙ ጊዜ ነው የማገኘው፣ አይበሳጩ። ለዛሬ ምርጫውን «ዜሮ ኤክስፖርት ቱ ሎድ» ላይ ያድርጉት። ያን ጊዜ ኢንቨርተሩ በእሱ በኩል የተገናኘውን ብቻ ይመግባል፣ ማለትም ፍሪዘሮቹንና መብራቱን። ምጣዱ ግን ከቆጣሪው በቀጥታ ከሆነ ከካርድ መብላቱን ይቀጥላል።

ምጣዱም ከፀሐይ እንዲበላ ሲቲውን ኤሌክትሪሺያን ያስገባው። ዋናው ብሬከር ጠፍቶ ይሁን፣ የቆጣሪው ማኅተም አይነካ። የሚነክሰው ፌዙን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ ብቻ ነው። ፌዝና ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) አብረው ከተነከሱ ይጣፋሉ፣ ንባቡ ዜሮ ይሆናል። ቦታው ደግሞ ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ መስመሩ ወደ ምጣዱና ወደ ሌላው ከመከፈሉ በፊት ነው። ላዩ ላይ ፍላጻ አለ፤ ወዴት እንደሚያይ የኢንቨርተሩ መመሪያ ይናገራል።

ገጥሞ እንዳይሄድ ግን! ምርጫውን ወደ «ዜሮ ኤክስፖርት ቱ ሲቲ» (ሲቲው እያየ ቤቱን ሁሉ መመገብ) ሳይቀይር በፊት ይፈትሽ። ማታ፣ ፓነሉ ዝም ሲል ምጣዱን ይለኩሱ። በኢንቨርተሩ ስክሪን መስመር የሚለው ላይ 3,500 ዋት አካባቢ በፕላስ መታየት አለበት። ማይነስ ካሳየ ሲቲው ተገልብጧል። ያኔ ኢንቨርተሩ ቀንስ የተባለውን ይጨምራል።

በመጨረሻ ከመስመር የሚወሰደውን ዜሮ ላይ አይተዉት። ሁልጊዜ 50 ዋት ያህል ከመስመር እንዲወስድ ያድርጉት። ምጣድ ድንገት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ እስኪቀንስ ጥቂት ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ በዚያች መሐል ትንሽ ያመልጣል።

የፋሲሎ ልጅ ከጀርመን፦

እኔም ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። እዚህ እንኳ ሁሉም እንደፈለገ አይልክም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትንንሽ የቤት ሶላሮች ወይ የርቀት መቆጣጠሪያ ማስገባት፣ ወይ ከፓነላቸው አቅም 70 በመቶ በላይ ወደ መስመር አለመልቀቅ ነበረባቸው። የእትዬ 4,400 ዋት እዚህ ቢሆን 3,080 ላይ ይቆም ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ ሁሉ አንዴ ሲለቅ የመስመሩ ቮልቴጅ ስለሚወጣ ነው። በኋላ ደንቡ ላልቷል። ግን እኛ የሚገባና የሚወጣውን ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ አለን። እሱ በሌለበት ዜሮ ማድረግ ነው የሚያዋጣው።

የዘጌው፦

ሰው ፀሐይ ተረፈኝ ብሎ ሲያዝን ዛሬ አየሁ። እትዬ፣ በረዶ አይሠሩም? እኛ ዓሣ ይዘን ስንመጣ የሚጠፋው እሱ ነው።

የሽምብጧ ዓሣ ሻጭ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምርጫውን በቀየርን ማግስት ቆጣሪው 4 ብቻ በላ። እሱም ምጣዱ ነው። ሲቲው ትናንት ገባ። መጀመሪያ ማይነስ 3,400 አሳየ፤ ባለሙያው ገለበጠው፣ ፕላስ ሆነ። 50 ዋቱንም አስገብተናል።

ምጣዱን ከማታ ወደ 6 ሰዓት አዛወርኩት። ከፍሪዘሮቹ ጋር ወደ 4 ኪሎዋት ይሆናል፣ ኢንቨርተሩ ቻለው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ሳንጠቀምበት የቀረው ፓነሉን አይጎዳውም?

ባለ ፒንሳው፦

ምንም አይሆንም። ኢንቨርተሩ ከፓነሉ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ይወስዳል። በረዶውን ግን ያስቡበት።

የሽምብጧ ዓሣ ሻጭ፦

የሁለት ሊትር የውኃ ፕላስቲኮች ሞልቼ ከትንሹ ፍሪዘር ግማሹን ሰጥቻቸዋለሁ። ዘጌ፣ ቅዳሜ ስትመጣ እለፍ።