ልጆቹን አንድ በአንድ እንስማ፦ የጋራ ዕቅዱ ረቂቅ

የወላጆችና መምህራን ኅብረቱ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ረቂቁን ቅዳሜ ለርእሰ መምህሩ እናስገባለን። እስካሁን የተስማማነው ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ልጆች በወር አንዴ ለየብቻ ሲያነቡ ይደመጡ የሚለውን ነው። ሌላውን ጨምሩበት።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ ልጆቼ በአንድ ድምፅ ሀ ሁ ሂ ሲሉ ፒያሳ ድረስ ይሰማል። አምና ሰኔ ላይ አንዷን ጠርቼ «ቶ»ን አሳየኋት። ዝም አለች። ከዚያ በሹክሹክታ ከ«ተ» ጀምራ፣ በጣቷ እየቆጠረች ሰባተኛው ላይ ስትደርስ «ቶ!» አለችኝ። የያዘችው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ አልነቃሁም።

የ2ኛ ክፍል ተማሪ እናት፦ የኔ ልጅ ደግሞ ማንበቡን ያነባል፣ ግን ይንተባተባል። ከክፍሉ ጋር ሲያነብ አንድም ቃል አይዘውም። ብቻውን ሲነሣ «መ» ላይ ከንፈሩ ግጥም ይላል፣ አንገቱ ይገታተራል። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ልኬው ብሩን እንደጨበጠ ባዶ እጁን መጣ። «ሰልፉ ረጅም ነው» አለኝ። ሰልፍ አልነበረም። ለየብቻ ይደመጡ ስትሉ እንቅልፍ አጣሁ።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ተገቢ ነው። አብሮ ማንበብ ብዙ የሚንተባተቡ ሰዎችን ለጊዜው ያፍታታል፤ ለዚህ ነው መምህሩ ሳያውቅ የሚቀረው። መንተባተብ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከ100 ልጆች 5 ያህሉን ይነካል፣ አብዛኞቹንም ይተዋቸዋል። በዘር የመውረድ ነገር አለው፤ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋርም ይያያዛል። የእናት ቁጣ አያመጣውም። እባካችሁ ይህች ዐረፍተ ነገር ረቂቁ ውስጥ ትግባ፤ ራሳቸውን የሚወቅሱ እናቶች ብዙ ናቸው። በደቂቃ ስንት ቃል አነበበ የሚለው መለኪያም ለእንዲህ ያለ ልጅ አይሆንም። በልቡ ያንብብና የተረዳውን በሥዕል ያሳይ። «ቀስ በል፣ ተንፍስ» አትበሉት። ቃሉንም አትጨርሱለት፣ ጠብቁት።

አንድ አያት፦ ልጆቼ፣ አብሮ ማንበቡን ግን አታጥፉት። እኛ ፊደል የቆጠርነው ቄስ ትምህርት ቤት ነው። ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቅደም ተከተሉ ስለሚለወጥ በዜማ ብቻ የያዘ እዚያ ላይ ይታወቅበታል።

መምህርት፦ ጋሼ፣ ይሄማ መግባት አለበት! አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና ነው» የምንለው፣ ልጁ የሚያውቀው ዐረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ነው። ተመልሶ ያስተካከለ ልጅ ስሕተት አይቆጠርበት።

አንድ አባት፦ ክፍሉ 50 ልጅ ነው። ማን ያዳርሳል?

ጸሐፊ፦ በቀን 3 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ። 10 ደቂቃ አይሞላም። ስድስት ኪሎ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ስላለ፣ ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች እንዲያግዙን በደብዳቤ እጠይቃለሁ።

እናት፦ በዚህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሁን፣ ክፍሉ እያየው አይሁን። ረቂቁ ላይ «ኮልታፋ» የምትለዋም ትውጣልኝ።

ጸሐፊ፦ ወጥታለች። የመጀመሪያው ዙር ጥቅምት 12 ይጀምር፤ የዓለም የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን ነው። 33 በ7፣ 231 የፊደል ካርድ ያስፈልገናል። ማን ይቆርጣል?

አያት፦ ካርቶኑን አምጡልኝ፣ እኔ እቤት ነኝ።