ከጋብቻ አትጀምሩ፦ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች የሕግ እኩልነትና የእኛ ድርሻ

የሞጣዋ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦

እንዴት ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ባለፈው የጎጃም ተወላጆች ስብሰባችን ላይ አንድ ነገር ተነስቶ ሳይቋጭ ተበተንን። ከወጣቶቻችን አንዱ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ነው ተባለ። እሱ ራሱ አልተናገረም፤ ሌላ ሰው ነው ያወራበት። ግማሹ ሰው «ከማኅበሩ ይውጣ» አለ። ሁለት ሦስት ልጆች ደግሞ በዚያው ንዴት ተነስተው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕጉ ይሻር፣ ጋብቻም ይፈቀድ ብለን በማኅበሩ ስም ለኤምባሲውና ለኮንግረስ እንጻፍ አሉ። ልጁን አውቀዋለሁ። ሥራ አጥቼ በነበረ ጊዜ ቤቴ ድረስ አስቤዛ ያመጣልኝ ልጅ ነው። ልረዳው እፈልጋለሁ። ደብዳቤው ግን ይጥቀም ይጉዳ አልገባኝም። ነገሩን የምታውቁ፣ ከየት ነው የሚጀመረው?

የማርቆሱ (ከሚኒያፖሊስ)፦

እታለም፣ ሰላምሽ ይብዛ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከስደት ሎየሮች ጋር በአስተርጓሚነት ስለምሠራ ግን ይህን ጉዳይ ስከታተል ኖሬአለሁ። አቋሜን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ሰው ማንን ስለወደደ መታሰርም መደብደብም የለበትም። ደብዳቤውን የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የእኛው ሕግ ምን ይላል? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ቀላል እስራት ማለት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። አንቀጽ 630 ቅጣቱን የሚያከብዱ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል፤ በከባድ ሁኔታ እስከ 10 ዓመት፣ ኃይል ወይም ማታለል ሲኖርበት ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሐሳቡ በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ነበረ። ያን ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። የገዛ አገራቸው ስዊዘርላንድ ግን የአዋቂዎችን ግንኙነት መቅጣት ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ኬንያና ቦትስዋና ውስጥ ተከራካሪዎቹ «ይህ አንቀጽ እንግሊዝ የጫነብን ነው» ማለት ይችላሉ። እኛ በቅኝ አልተገዛንም፤ ያ ክርክር ለእኛ አይሠራም። ስለዚህ የሌላውን አገር መንገድ እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

ሌላም ልዩነት አለ። በብዙ አገር አንድ ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ «ይህ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ይጋጫል» ብሎ ይከሳል፣ ዳኛው ይሽረዋል። በእኛ አገር ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን የፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ጉዳዩ መጀመሪያ በሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ በኩል ያልፋል። ምክር ቤቱ ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች የተቀመጡበት ነው። የሕዝቡ ስሜት በቀጥታ የሚሰማበት ቤት ስለሆነ፣ ዛሬ ክስ ይዘሽ ብትገቢ ተሸንፈሽ ብቻ አትወጪም፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት በሩን ዘግተሽ ትወጫለሽ።

የቦትስዋናን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚደንቀኝ የመብት ተከራካሪዎቹ ትዕግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የይግባኝ ፍርድ ቤታቸው «ጊዜው ገና ነው» ብሎ መለሳቸው። እነሱ ግን በነጋታው ያንኑ ክስ ይዘው አልተመለሱም። በ2010 የሥራ ሕጋቸው ሲሻሻል፣ ሰው በዚህ ማንነቱ ከሥራ እንዳይባረር የሚል ገባበት። ቀጥሎ ሌጋቢቦ የተባለው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ማኅበር «መዝግቡን» ብቻ ብሎ ከሰሰ። ስለ መኝታ ቤት አንድም ክርክር አላነሳም። ጥያቄው የመደራጀት መብት ነበር። በ2014 አሸነፈ፣ በ2016 በይግባኝም ጸናለት። በ2017 ደግሞ በመታወቂያቸው ላይ የሠፈረው ጾታ እንዲስተካከል የጠየቁ ሁለት ትራንስ ሰዎች (ሲወለዱ ከተጻፈላቸው ጾታ የተለየ ማንነት ያላቸው) ተፈረደላቸው። የወንጀል አንቀጹ የወደቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በ2019፣ በአንድ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክስ ነው። በ2021 አምስት የይግባኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ አጸኑት። ያው አገር፣ ያው ሕዝብ ነው። በመካከሉ ዳኞቹም ጎረቤቶቹም ሰዎቹን በሥራ ቦታ፣ በማኅበር፣ በመታወቂያ ጉዳይ አይተዋቸዋል።

ኬንያም ብታዪ ተመሳሳይ ነው። በ2019 የወንጀል አንቀጹን ከስሰው ተሸነፉ። ማኅበር የመመዝገብ መብታቸውን ግን በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አከበረላቸው።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ኡጋንዳን አስቢ። በ2014 ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን የሚቀጣው ሕግ የወደቀው ሲጸድቅ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም ተብሎ ነው፤ ፍርዱ የሰዎቹን መብት አልነካም። በ2023 በአንዳንድ ሁኔታ ሞት እስከማስፈረድ የሚደርስ የባሰ ሕግ ይዘው መጡ። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ አዲስ ብድር አቆመ። ሕጉ አልተሻረም፤ በ2024ም የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤታቸው አብዛኛውን ክፍል አጸናው። ከውጭ የመጣ ግፊት ሲታይ ፖለቲከኛው «ነጮች ልጆቻችሁን ሊያበላሹ ነው» ይላል፣ ሕዝቡም ያምነዋል። ደብዳቤው ከሜሪላንድ ወጥቶ በቴሌግራም ሞጣና ፍኖተ ሰላም ሲደርስ፣ በድንጋይ የሚመታው ጸሐፊው አይደለም። እዚያ ተደብቆ የሚኖረው ልጅ ነው። እዚያ ያሉት «ጻፉልን» ሳይሉ እኛ አንጻፍ። ይህን አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ታዲያ ዝም እንበል? በጭራሽ። ዛሬ ልናሸንፍበት የምንችለው ነገር አለ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ውሳኔ ቁጥር 275፣ ሰዎችን በጾታ ዝንባሌያቸው ወይም በጾታ ማንነታቸው ምክንያት መደብደብና ማሳደድን አውግዟል። ይህ ነጭ የጻፈው አይደለም። ኢትዮጵያም የአፍሪካ ቻርተር አባል ናት። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። አንቀጽ 25 ደግሞ እኩልነትን ሲዘረዝር በ«ሌላ አቋም» ምክንያትም ልዩነት አይደረግም ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1994 ከአውስትራሊያዋ ግዛት ከታዝማኒያ በቀረበ ክስ ላይ፣ እንዲህ ያለ የወንጀል ሕግ የግል ሕይወትን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ኢትዮጵያ ኮሚቴው የሚከታተለው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አባል ናት፤ ግለሰብ ለኮሚቴው እንዲያመለክት የሚፈቅደውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። ስለዚህ በዚያ በር አይገባም፤ እንደ ክርክር ማስረጃ ግን ያገለግላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ለእኔ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰው አይደብደብ፣ በፎቶና በወሬ እያስፈራሩ ገንዘብ አይቀበሉት፣ ሐኪም ቤት ሄዶ የነገረው ምስጢር አይውጣ። በዚህ ላይ «አይሆንም» የሚል የጎጃም ሽማግሌ ያለ አይመስለኝም። ቀጥሎ ሥራና ቤት። ከዚያ የወንጀል አንቀጹ። ጋብቻ መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም ከተፈለገ። ደቡብ አፍሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕገ መንግሥቷ ይህን መብት በስም ጠርታ ጽፋ፣ የወንጀል ሕጉን የሻረችው በ1998፣ ጋብቻን የፈቀደችው በ2006 ነው።

ለማኅበራችሁ ግን ሌላ ደብዳቤ አለኝ። መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና «ማንኛውም አባል በግል ሕይወቱ ምክንያት አይሰናበትም፤ የአባልን የግል ምስጢር ያለ ፈቃዱ ያወጣ በሥራ አመራሩ ይጠየቃል» የሚል ጨምሩበት። በስብሰባው ላይ ያጠፋው ልጁ አይደለም፣ ያወራበት ሰው ነው። ቃለ ጉባኤው ላይም የልጁ ስም ከሠፈረ ይሰረዝ። ቃለ ጉባኤ ፎቶ ተነስቶ ይላካል።

አያ ከቢቸና (ከዴንቨር)፦

የማርቆሱ፣ በጥሞና አነበብኩህ። እኔ የሰንበቴ ማኅበርተኛ ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የማትባርከውን አልባርክም። ልጁ ይደብደብ ግን አልልም፤ የእናቱ ልጅ ነው። ሁለት ነገር ያሰጋኛል። አንደኛ፣ ሕጉ እየላላ ሲሄድ ነገ ካህናቶቻችንን «ተክሊል አድርሱ» ብለው አያስገድዱም? ሁለተኛ፣ የሕፃናት ነገር። ለሕፃን ልጅ የተጻፈው ጥበቃ አብሮ ይነሳል ብዬ እፈራለሁ። በግልጽ መልስልኝ።

የማርቆሱ፦

አያ፣ በግልጽ ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ከሁለተኛው ልጀምር። ሕፃናት ላይ የሚፈጸመውን የሚቀጣው አንቀጽ 631 ለብቻው የቆመ አንቀጽ ነው። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ክርክሩ የነበረው ሁለት አዋቂዎች ወደው በግል ስለሚያደርጉት ብቻ ነው። ልጅን የሚነካ ሰው ወንድም ይሁን ሴት፣ ማንንም ይውደድ፣ ይታሰር። በዚህ ላይ እርስዎና እኔ ልዩነት የለንም።

ስለ ካህናቱ ደግሞ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የፈቀደውን የሜሪላንድን ሕግ ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሕዝብ ድምፅ ሲጸድቅ፣ የትኛውም የሃይማኖት አባት ከእምነቱ ውጭ ጋብቻ እንዲፈጽም አይገደድም የሚል በግልጽ ተጽፎበታል። ይኸው ከዚያ ወዲህ በሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ተክሊላቸውን በሥርዓታቸው እያደረሱ ነው። የማዘጋጃ ቤት ወረቀት ሌላ፣ ምሥጢረ ተክሊል ሌላ። የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት፣ ሃይማኖትም በመንግሥት ጣልቃ አይግባ ይላል። ይህ አንቀጽ ቤተ ክርስቲያንንም ይጠብቃታል፣ ልጁንም ይጠብቀዋል።

አያ፣ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አሜሪካ ይህ ጋብቻ በሕዝብ ድምፅ ሲጠየቅ ከ30 በላይ ግዛቶች እምቢ ብለው ነበር። ደጋፊዎቹ በካሊፎርኒያ በ2008፣ በሜይን በ2009 ተሸነፉ። ዘመቻቸው ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ግብርና ስለ ጥቅማ ጥቅም ያወራ ነበር። በ2012 ግን ወሬውን ትተው ሰው ለሰው መነጋገር ጀመሩ። እኔ በምኖርበት በሚኒሶታ በጎ ፈቃደኞች ለማያውቁት ሰው እየደወሉ፣ በር እያንኳኩ «አንተ ለምን አገባህ? የምታውቀው እንዲህ ያለ ሰው አለህ?» እያሉ ጠየቁ። የሚሰማውንም ሰምተው፣ ሳይሳደቡ ሄዱ። በዚያ ዓመት ሜይን፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ግዛት አጸደቁ፤ ሚኒሶታም ክልከላውን በሕገ መንግሥቷ ለመጻፍ የቀረበውን ሐሳብ ጣለች። በእኔና በእርስዎ መካከል አሁን እየሆነ ያለውም ይኸው ነው። ከመቶ ደብዳቤ የእርስዎ «የእናቱ ልጅ ነው» ማለት ይበልጥብኛል።

ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ በሰው ነው የሆነው። ሳይመን ንኮሊ የሚባል ጥቁር ወጣት በአፓርታይድ ዘመን ከትግል ጓዶቹ ጋር ታስሮ፣ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ለእነሱው ነገራቸው። አብሯቸው ታስሯልና ሊንቁት አልቻሉም። በኋላ ከእነዚያ ጓዶቹ አንዳንዶቹ ሥልጣን ላይ ወጡ። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱም ይህ መብት በሕገ መንግሥቱ እንዲጻፍ ተከራክረዋል። ካህን ነበሩ፤ ቅስናቸውን አልተውም።

ስሜን የማልጽፍ፦

ይህን ውይይት ማታ ማታ ነው የማነበው። አሜሪካ ከገባሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤተሰቤ ሽማግሌ ተቀብለው ሊድሩኝ ሲሉ ነው የወጣሁት። ጥገኝነት መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ግን አስተርጓሚው የአገሬ ሰው ይሆንና ወሬው ቤቴ ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ። አንድ ሰው ደግሞ «ኬዝ እጽፍልሻለሁ፣ ፖለቲካ እናድርገው» አለኝ።

የማርቆሱ፦

እታለም፣ ከዚህ በላይ ዝርዝር እዚህ አትጻፊ። ዛሬውኑ ሎየር ፈልጊ፤ ለሎየርሽ ብቻ ንገሪ። አሜሪካ ውስጥ የጥገኝነት ማመልከቻ በገባሽ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት አለበት። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ግን በእነሱ አትተማመኚ። ፖለቲካ አድርጎ የሚጽፍልሽን ሰው ሽሺው። እውነተኛው ታሪክሽ በሕግ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአንድ ኩባዊ ጉዳይ ላይ ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ጥበቃ የሚገባቸው ማኅበራዊ ቡድን ናቸው ተብሎ ተወስኗል፤ በ1994 ለሁሉም ጉዳይ መመሪያ እንዲሆን ተደርጓል። የውሸት ኬዝ ከተነቃበት ግን በኋላ እውነቱን ብትናገሪም የሚያምንሽ አታገኚም።

ስለ አስተርጓሚው፣ በጥገኝነት ቢሮው ኢንተርቪው ላይ አስተርጓሚ ይዞ መምጣት የአመልካቹ ኃላፊነት ነው። ይህ ለአንቺ ጥሩ ነው፤ ራስሽ ትመርጫለሽ። ከሌላ ከተማ የሚመጣ፣ ከእኛ ማኅበር ጋር የማይገናኝ ሰው ሎየርሽ ይፈልግልሽ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሆነ አስተርጓሚውን ፍርድ ቤቱ ነው የሚመድበው፤ ሰውየውን ወይም ቤተሰቡን የምታውቂ ከሆነ ከመጀመርሽ በፊት ለዳኛው ተናገሪ።

አውሮፓ ሆናችሁ ይህን በድብቅ የምታነቡም ካላችሁ፦ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ማንነታችሁን ለማረጋገጥ ምርመራም ሆነ የመኝታ ቪዲዮ መቀበል አይፈቀድም ብሏል። መጀመሪያ ቀን ስላልተናገራችሁ ብቻም ውሸታም አትባሉም። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ፣ በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «አገርህ ሄደህ ተደብቀህ ኑር» እያሉ መመለስ አይቻልም ብሎ ፈርዷል። ጉዳዩ የአንድ ካሜሩናዊና የአንድ ኢራናዊ ነበር።

እታለም፣ ሎየር የሚያስከፍለው ከከበደሽ በግል ጻፊልኝ። በነፃ የሚይዙ አሉ፤ ስምሽን ሳልጠይቅ አገናኝሻለሁ።