ዲዛይን ቲንኪንግ ክፍል ውስጥ የሞከራችሁ መምህራን፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም የሙያ ጓደኞቼ። የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪ አለ፣ ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ደቂቃ ብቻ ነው።

ልጆቹ ከመሸምደድ ወጥተው ችግር መፍታት ይልመዱ ብዬ በዲዛይን ቲንኪንግ አንድ ሥራ ጀመርን። ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ ነው፤ ደረጃዎቹም፦ የተቸገረውን ሰው መረዳት፣ ችግሩን ለይቶ ማስቀመጥ፣ ሐሳብ ማፍለቅ፣ ሞዴል መሥራት፣ ከዚያ መፈተሽ። ሥራው የደፈረሰ ውሃ ማጣራት ነው። የሃይላንድ ቂጡን ቆርጠው ገለበጡት፤ አፉ ላይ ጥጥ፣ ከዚያ የተፈጨ ከሰል፣ አሸዋ፣ ከላይ ጠጠር።

የአንዱ ቡድን ውሃ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከሰሉን አላጠቡትም። እኔ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ትምህርት እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ከቡድኑ አንዷ ልጅ ግን እንባዋ መጣና «ቲቸር፣ ማርክ ይቀነስብናል?» አለችኝ። ደወሉ ሊደወል ስለነበር ቸኩዬ «ከሰሉን እጠቡት» አልኳቸው። መልሱን ራሴ ሰጠኋቸው ማለት ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ሌሎቹ ቡድኖችም ወዲያው ከጎረቤታቸው ኮረጁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያልተሳካ ሙከራን እንዴት ነው ማርክ የምትሰጡት? በየቡድኑ አንድ ደብተር ይዘው ምን እንደከሸፈ፣ ቀጥሎ የትኛውን አንድ ነገር ብቻ እንደቀየሩና ለምን እንደቀየሩ እንዲጽፉ አስቤያለሁ፣ ግን አልሞከርኩትም። ሁለተኛ፣ ሥራውን በ40 ደቂቃ የት ላይ ነው የምትቆርጡት? የተቸገረውን ሰው ለመረዳት ውሃ የሚቀዱ ሰዎችን መጠየቁን የቤት ሥራ ባደርገው ይሠራል?

አንድ ነገር ግን፣ የጠራ ውሃ ከጀርም ነፃ እንዳልሆነ አስረግጣችሁ ንገሯቸው። የኔዎቹ ሳይፈላ ሊጠጡት ነበር።

የማርክ አሰጣጥ ሠንጠረዥ ያላችሁ ብትልኩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።