ሠራተኞቹን ማሠልጠንና ከድካም መጠበቅ የሚፈልግ አነስተኛ የጤና በጎ አድራጎት ድርጅት ጥቂቱን በጀት በምን ላይ ያውል?

የክሊኒክ አስተባባሪ (አራት ኪሎ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች። አራት ኪሎ አካባቢ ለነፍሰ ጡር እናቶችና ከአልጋ መነሣት ለማይችሉ ሕሙማን ነፃ አገልግሎት በሚሰጥ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ በአስተባባሪነት እሠራለሁ። ነርሶቻችንና አዋላጆቻችን ጠዋት በክሊኒኩ ካገለገሉ በኋላ ከሰዓት በየሰፈሩ እየዞሩ ሕሙማንን በየቤታቸው ይጎበኛሉ። ቦርዳችን ለመጪው የበጀት ዓመት ለሠራተኞች ዕድገትና ደኅንነት የሚውል ጥቂት ገንዘብ እንዲያዝ በመርህ ደረጃ ተስማምቷል፤ በምን ላይ እንደሚውል ግን እኔ ጥናት እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

ከቦርዱ አባላት አንዱ «አሠልጥነን ለሌላ ድርጅት ማቀበል ነው» የሚል ብርቱ ተቃውሞ አላቸው። ሥጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በደንብ ያሠለጠንናቸው ነርሶች የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍሉ ዓለም አቀፍ ድርጅቶችና የግል ሆስፒታሎች፣ አንዳንዶቹም ወደ ውጭ አገር ሄደዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ ለተወሰኑ ዓመታት እንዲያገለግል የሚያስገድድ ውል ይፈረም የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሌሎቹ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ሠራተኛውን ቢሾፍቱ ወስዶ ማዝናናት ይበቃል ይላሉ።

እኔ የማየው ድካም ግን በአንድ ቀን ሽርሽር የሚወጣ አይመስለኝም። ካዛንቺስና ፒያሳ ለልማት ከፈረሱ ወዲህ የአንዳንዶቹ ሠራተኞቻችን መኖሪያ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል፤ ታክሲ ተሰልፈው፣ ሁለትና ሦስት ቦታ ወርደው ተሳፍረው ሲደርሱ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ዝለዋል። ለወራት ያስታመሙት ሕመምተኛ ያረፈ ዕለት እንኳ ነርሷ ካርዱን ዘግታ ወደሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች፤ እንዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። በዚያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ የእኛም ለጋሾች እያንዳንዱን ወጪ አጥብቀው ይመረምራሉ፤ ለሠራተኛ የሚያዝ ገንዘብ «የአስተዳደር ወጪ ነው» እየተባለ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ሆኗል። ልምዱ ያላችሁ ከየት እንድንጀምር ትመክሩናላችሁ?

የፋይናንስና የሰው ሀብት ባለሙያ (ሜክሲኮ)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ምክንያቱም ቦርዱ ዘንድ ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚዘጋው እርሱ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ነገር ግን አዋጁ የአስተዳደር ወጪ የሚለው ከፕሮጀክት ሥራ ጋር ያልተያያዘውንና ድርጅቱ እንዲቀጥል ብቻ የሚያስፈልገውን ወጪ ነው፤ ለምሳሌ የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝ፣ የኦዲትና የባንክ አገልግሎት ክፍያ፣ የመብራትና የውኃ ወጪ። ሕመምተኛ የምትጎበኝ ነርስ ቁስል አያያዝ ወይም የሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ ስትማር ትምህርቱ የሚያገለግለው ፕሮጀክቱን ነው። ስለዚህ ሥልጠናውን ከተራፊ ገንዘብ አትጠብቂው፤ የፕሮጀክት ሐሳብ ሲጻፍ ከመድኃኒቱና ከትራንስፖርቱ ጎን የራሱ የበጀት መስመር ይኑረው፣ ለየትኛው አገልግሎት ጥራት እንደሚያስፈልግም በግልጽ ይጻፍ። ባለሙያዎቹ የሙያ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና መውሰዳቸው ግዴታ መሆኑንም ለለጋሹ አስረጂ። ፈቃዱ ያልታደሰ ነርስ ማሰማራት አይቻልምና ይህ ወጪ ለሠራተኛው የሚደረግ ችሮታ አይደለም።

ስለ ደኅንነት ሲነሣ ደግሞ ከሽርሽሩ በፊት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተጻፈው በተግባር መኖሩን እንድትፈትሺ እለምንሻለሁ። በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለ፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው ፈቃዱን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። የወሊድ ፈቃድ 120 ቀናት ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። በየድርጅቱ የማየው የሚያሳዝን ነገር ቢኖር ፈቃዱ በወረቀት ላይ እያለ ተተኪ ሰው ስለሌለ ብቻ ሳይወሰድ የሚከማች መሆኑ ነው። ከጥቂቱ በጀታችሁ መጀመሪያ የሚገዛው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ፈቃድ የወጣችውን የምትተካ የትርፍ ጊዜ ነርስ። ተተኪ ካለች ዕረፍትም ሥልጠናም ይቻላል፤ ከሌለች ሁለቱም በዕቅድ ሰነድ ላይ ይቀራሉ።

የግዴታ ውሉን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ረጅምና ውድ ለሆነ ትምህርት፣ ከወጪው ጋር የተመጣጠነና አጭር እስከሆነ ድረስ ተገቢ ነው። ለሦስት ቀን ሥልጠና የሁለት ዓመት ውል ማስፈረም ግን ሠራተኛውን ማስኮረፍ ነው።

ቤት ለቤት የምትጎበኝ ነርስ (ልደታ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ነው፤ በውሉ ነገር ግን አልስማማም። እኔ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የለቀቅሁት ያሠለጠኑኝን ይዤ ለመሮጥ አልነበረም። የተማርሁትን የምሠራበት ቦታ ስላልነበረ ነው፤ ከሥልጠና ተመልሼም ያው ቦርሳ፣ ያው የጉብኝት ቁጥር፣ ያው ዝምታ ጠበቀኝ።

ሥራችንን በቅርብ ለማያውቁት የቦርድ አባላት አንድ ነገር ላሳያቸው። የጽኑ ሕመምተኛ ቤተሰብ ሌሊት የሚደውለው በነርሷ የግል ስልክ ነው። የሞርፊን ሽሮፑ ቢያልቅ፣ ሕመምተኛው ትንፋሽ ቢያጥረው፣ እናትየው ብትፈራ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጮኻል። አለማንሣት አይቻልም፤ ድምፃቸውን ታውቂዋለሽ፣ ቡና አፍልተው ያጠጡሽ ሰዎች ናቸው። ጠዋት ደግሞ በሰዓቱ ክሊኒክ መገኘት አለብሽ። አሁን ባለሁበት ድርጅት የተለወጠው ነገር ቀላል ነው፤ አንድ የቢሮ ስልክ ተገዛና ተረኛዋ ብቻ ይዛው ታድራለች፣ በማግሥቱም ዘግይታ ትገባለች። ከዓመቱ ስጦታ ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 11ኛ ዕትም ላይ የሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ሲገልጸው መንስኤውን በአግባቡ ያልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጫና ነው ያለው፤ የሰውየው ድክመት አላለም። ምልክቶቹም ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ብቃት ማነስ ናቸው። ሁለተኛውን በተለይ አስተውሉት። ሩኅሩኅ የነበረች ነርስ ሕመምተኛውን በስሙ መጥራት ትታ «የጨርቆሱ የአልጋ ቁስል» ማለት ስትጀምር ደክማለች ማለት ነው፤ መቆጣት ሳይሆን ከጉብኝት ጥቂት ማሳረፍ ያስፈልጋታል።

ሥልጠናን በተመለከተም በሆቴል አዳራሽ ከሰማሁት ይልቅ አንዲት አንጋፋ ነርስ አብራኝ ገብታ፣ እጄ ላይ እያየች፣ የቁስሉን ጠርዝ እንዴት እንደማጸዳ ያረመችኝ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚፈልገው የአበል ገንዘብ ሳይሆን ለአንጋፋዋ የሚቀነስላት የጉብኝት ቁጥር ነው። አንድ ሕመምተኛ ሲያርፍም በዚያው ሳምንት ቡድኑ ተቀምጦ ስለ ሰውየው የሚነጋገርበት ግማሽ ሰዓት ይመደብ። ለቀስተኛ ሁሉ ሣልስት ሲቀመጥ እኛ ግን እንደማናውቀው ሰው ማለፋችን ይከብዳል።

ጡረታ የወጡ የሆስፒታል አስተዳዳሪ (ሰንጋ ተራ)

ልጆቼ፣ ሁላችሁም መልካም ተናግራችኋል። «አሠልጥነን ለሌላ ማቀበል» ለሚሉት የቦርድ አባል እዚሁ ከተማችን ያለውን የፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ንገሯቸው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ በፊስቱላ ታመው ለሕክምና ወደ ዶክተር ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን የመጡ ወጣት ነበሩ። ከዳኑ በኋላ አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎም በሐኪሞቹ እጅ ሥር ሆነው መቅደድና መስፋት ተማሩ። ሆስፒታሉ በ1974 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከሐምሊኖቹ ጋር ነበሩ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በወርቅ ሜዳሊያ አክብሯቸዋል። ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር አሠልጥነዋል። እኚህን ሴት ያቆያቸው የግዴታ ውል ነው የሚል ሰው አላውቅም፤ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያወጣ መንገድ ስለተከፈተላቸው ነው።

ስለዚህ አስተባባሪዋ ለቦርዱ ስታቀርቢ የሥልጠናዎችን ዝርዝር ብቻ አታቅርቢ። የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛዋ ነገ ምን መሆን ትችላለች? ነርሷስ አሠልጣኝ ስትሆን ደመወዟ በስንት ይጨምራል? ይህ ተጽፎ በእጃቸው ይሰጣቸው።

ሌላው ማንም ያላነሣው የውል ጉዳይ ነው። ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛን በየዓመቱ በሚታደስ ውል ይዘው ለዓመታት ያሠራሉ። ሕጉ ግን መነሻ የሚያደርገው የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ መሆኑን ነው፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚደረገው ሕጉ በዘረዘራቸው ሁኔታዎች ብቻ ነው። ሰኔ በመጣ ቁጥር «ውሌ ይታደስ ይሆን?» እያለ የሚጨነቅ ሰው ምንም ሥልጠና ብትሰጡት ዐይኑ ከሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይነሣም። የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበር እንዲቋቋም ብታግዙም ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ትልቅ ፋታ ይሰጣል፤ ድርጅቱን የሚያስወጣው ከደመወዝ እየቆረጡ ገቢ የማድረግ ሥራ ብቻ ነው።

የክሊኒክ አስተባባሪ (አራት ኪሎ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለቦርዱ የማቀርበው ረቂቅ ተተኪ ነርስን፣ የተረኛ ስልክን፣ አንጋፋዎቹ አብረው የሚጎበኙበትን ሰዓትና የዕድገት ደረጃዎችን እንዲይዝ አድርጌአለሁ፤ የቢሾፍቱው ጉዞ ገንዘብ ከተረፈ ይታያል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የሌሊቱን ተረኝነት እንደ ትርፍ ሰዓት ቆጥረን ብንከፍል በቂ ነው?

የፋይናንስና የሰው ሀብት ባለሙያ (ሜክሲኮ)

አይበቃም። በአዋጁ መሠረት ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው እንደ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ፣ አስቸኳይ ሥራ፣ ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሠራተኛ መተካት በመሳሰሉ ምክንያቶች ነው፤ ጣሪያውም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። በየሌሊቱ የሚደጋገም ተረኝነት የታወቀ መደበኛ ሥራ ስለሆነ ከሳምንቱ 48 ሰዓት ውስጥ አስገቡትና የቀኑን ሰዓት በዚያው ልክ ቀንሱ። ከዚህ አልፎ በእርግጥ ድንገተኛ ሆኖ የሚመጣው በትርፍ ሰዓት ይመዝገብ፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በመደበኛው የሰዓት ክፍያ አንድ ነጥብ ሰባ አምስት ተባዝቶ ይከፈላል። የተረኛዋን ስም፣ የተደወለበትን ሰዓትና የወሰደውን ጊዜ የሚይዝ መዝገብ ከስልኩ ጋር አብሮ ይዙር፤ በሚቀጥለው ዓመት ለለጋሹ ሁለተኛ ተተኪ ነርስ ስትጠይቂ በማስረጃነት የምታቀርቢው እርሱን ነው።