ቅዳሜ ደርሶ መልስ ከእማዬ ጋር፤ ወዴት?

የሳሪስ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? እማዬ "ላሊበላን ሳላይ" ማለት ከጀመረች ዓመት አለፋት። የሁለት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ግን አሁን ኪሴ አይችለውም። ከአዲስ አበባ ጠዋት በመኪና ወጥቶ ማታ መመለስ የሚቻልበት፣ ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ አለ? ጉልበቷን ያማታል፤ ተራራ እንዳትሉኝ።

የአባቱ ሹፌር፦
አለ እንጂ! የቡታጅራን መንገድ ያዝ። አምና አባቴን ይዤ ሄጄበታለሁ።

መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬ፣ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተመዘገበው በ2016 ዓ.ም ነው። አዋሽ ዳር ያለው ሙዚየም ጎጆ ጎጆ ነው። አስጎብኚው ከሚሊዮን ዓመት በላይ ስለሆነው የድንጋይ መሣሪያ ሲያስረዳ፣ አባቴ አንዷን ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ ስባሪ አይቶ "ይሄማ ባልጩት ነው! ቆዳ ይፋቅበት ነበር እኮ" አለና ገለጻውን ነጠቀው። ከዚያ በኋላ አስጎብኚው አባቴ ሆነ።

ቀጥሎ አዳዲ ማርያም። የዩኔስኮ መዝገብ ላይ የለችም፤ ለእማማ ግን ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ከአለት የተፈለፈለች ናት። ንጉሥ ላሊበላ አሠራት ይባላል። ከዋናው መንገድ ገባ ስለምትል ኮረኮንቹን ቀስ ብለህ ንዳ። መውረጃው ላይ ክንዷን ያዝ።

መጨረሻ ጢያ። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ 32ቱ ላይ ጎራዴና ሌላም ምልክት ተቀርጿል። የአገሬው ሰው "የግራኝ ድንጋይ" ይለዋል። መቃብሮቹ ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ ናቸው፤ ግራኝ ገና አልተወለደም። ተቆፍረው ሲታዩ ሟቾቹ እንደ ፅንስ ተኮማትረው ነው የተገኙት። አባቴ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ መኪናው እስክንመለስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ የእኔ አባት!

ደጋው፦
ባሌ ተራሮችስ? ዲንሾ ላይ ኒያላው መንገድ ዳር ነው የሚቆመው።

የሳሪስ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ደርሶ መልስ እኮ ነው ያልኩት 😂

እቴቴ፦
ጢያ ሜዳ ነው፤ ፀሐዩ ያናድዳል። ጃንጥላ እንዳትረሳ። ቡታጅራ ድረስ ከዘለቃችሁ ደግሞ ክትፎ አብላት።

የሳሪስ ልጅ፦
ዓርብ ትጾማለች። ለዚህ እኮ ነው ቅዳሜ ያልኩት።