የሚታመን አናጺ በምን ይለያል?

ደብረ ብርሃን የሚገኘውን የእናቴን የጭቃ ቤት ጣሪያ የሰኔ ዝናብ ሳይጀምር ለማስቀየር አስቤያለሁ፤ ባለፈው ዓመት በሩን የሠራልንን አናጺ መልሼ ለመጥራት ግን አልደፈርኩም። መቃኑን ከእርጥብ ባሕር ዛፍ ስለሠራው፣ እንጨቱ ሲደርቅ ተጣሞ ዛሬ በሩ ተዘግቶም በጎኑ አውራ ጣት ያስገባል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የከተማችንን ውርጭ ለሚያውቅ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ካነጋገርኳቸው ሁለት አናጺዎች አንዱ የዋጋውን ግማሽ በቀብድ ሲጠይቅ፣ ሌላው ቀብድ ሳይቀበል እንጨቱንና ቆርቆሮውን ራሴ እንድገዛ ይፈልጋል። ልቤ ወደ ሁለተኛው ቢያደላም፣ ወራጁና ማገሩ በቂ መድረቁን መለየት አልችልም። ቤት ያሠራችሁ ወገኖች፣ አናጺው ቀድሞ የሠራውን ሄዶ ከማየት ሌላ ምን ልጠይቀው፣ በውሉስ ላይ ምን ላስፍር?